ሊቀ ሐኪማን በላቸውና የእናኑ እባጭ

ጎንደር ውስጥ ሐኪም ቤት የራቀው ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ሁሉን የሚያክም ጎረቤት የታጣበት ሰፈር ግን የለም። ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ እናኑ ከምትኖርበት ግቢ ፊት ለፊት፣ ይህን ማዕረግ የያዙት አያ በላቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማክሰኝት ዙሪያ ከብት ሲከትቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከብቱን ሲጨርሱ ወደ ሰው ዞሩ፤ ሰፈርተኛውም «ሊቀ ሐኪማን» ብሎ ሾማቸው።

ለጨጓራ ተልባ፣ ለጉንፋን ዳማከሴ፣ ለደም ግፊት ነጭ ሽንኩርት ያዛሉ። የጎረቤታቸውን የፋንታሁንን ትከሻ ሲያሹ ጩኸቱ ማዶ ድረስ ቢሰማ፣ «በሬ እንኳ እንዲህ አልጮኸብኝም» ብለው ታዘቡት። ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር ሲነሳ ግን ቀልድ የለም። «ብረት አይንካው!» ይላሉ፤ ድምፃቸው ይሰበራል።

እናኑ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። ሃያ ስምንት ዓመት ሲሆናት ከጆሮዋ በላይ፣ ከፀጉሯ ሥር፣ ሽምብራ የምታክል እባጭ ወጣችባት። ማበጠሪያ ሲነካት ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ይነዝራታል። ለአያ በላቸው አሳየቻቸው። በሁለት ጣታቸው ዳሰሷት።

«ልጄ፣ ይህ ክፉ ነው። ብረት ከነካው ደግሞ በገላሽ ሁሉ ይበተናል። ተኝቶ ሳለ አትቀስቅሽው።»

እናኑም አልቀሰቀሰችውም። ሹሩባ መሠራት ትታ ሻሽ አሰረች። ሽምብራዋ ባቄላ አከለች። በዚያው ሰሞን እንፍራንዝ የሚያስተምረው ምንይችል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው መጽሐፍ ሊዋስ ሲመላለስ የኖረው ሰው፣ ሽማግሌ ላከ። ልቧ እሺ እያለ አፏ እምቢ አለ። ገና በጎልማሳነቱ ሚስት ቀባሪ እንዳታደርገው አዘነችለት እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም፤ እሱንም አልነገረችውም። ምንይችል ሌላ አግብቶ ሁለት ልጅ ወለደ።

እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አምና ከሚኒባስ ስትወርድ የበሩ ጠርዝ እባጩን መታትና እዚያው መንገድ ላይ ተዘረጋች። የሥራ ባልደረባዋ ነጃት እየጎተተች ሐኪም ቤት አስገባቻት። ዶክተር ሄለን ቦታውን ብቻ አደንዝዛ፣ እያጫወተቻት፣ በአርባ ደቂቃ አወጣችላት። የምርመራው ውጤት ሲመጣም ጠርታ ነገረቻት።

«ከነርቭ ሽፋን ላይ የሚያድግ እጢ ነው። ካንሰር አይደለም፤ አይሰራጭም። ምነው ይህን ያህል ቆየሽ?»

እናኑ ደስ ሊላት ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ሞት ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ሰፈር ገብታ ለአያ በላቸው በንዴት ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ደጃፋቸው ላይ መቀመጥ ተዉ። ፋንታሁን ሳል ይዞት ቢመጣ «እንጃ» አሉት፤ ሰፈሩ ይህችን ቃል ከአፋቸው ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ቁስሏ የሚታይበት ቀጠሮ ሲደርስ አያ በላቸው ከበሯ ቆመው ጠበቋት። «ልሸኝሽ» አሉ። ሐኪም ቤት ደርሰው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አያ በላቸው መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ።

«ባለቤቴን ወለተሩፋኤልን አላወቅሻትም። ጡቷ ላይ እባጭ ወጣባት። ሁለት ዓመት እኔው ቅጠል ስለጥፍላት ኖርኩ። ሲብስባት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ኦፕራሲዮን ተደርጋ በወሩ ሞተች። ብረት ገደላት አልኩ። ምን ልበል? ዘግይቼ ነበር እናኑ። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

እናኑ ያን ቀን የምንይችልን ስም ልትነግራቸው፣ ያሳጧትን ልታሳውቃቸው ቆርጣ ነበር። ስሙ ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ወዲያው ነርሷ ጠራቻት። ተነሳች፤ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

«ይግቡ፣ አያ። ዶክተሯ የምትለውን አብረን እንስማ።»

ሊቀ ሐኪማን በላቸው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሊሰሙ ገቡ።