ጓዳ በሌለበት ቤት ሽማግሌ መላክ

ብምልላችሁም አታምኑኝም፤ ወዲያው የሚያምነኝ ሰው ቢገኝ ደግሞ እኔ ራሴ እጠረጥረዋለሁ። ግን ልንገራችሁ። ሰው ቤት የሚሠራው ሊኖርበት ይመስላችኋል? ሊደበቅበት ነው። ሳሎን የሚታየውን ይይዛል፣ ጓዳ የማይታየውን። ያልታጠበ ድስት፣ ያኮረፈች ሚስት፣ እንግዳ እስኪሄድ የሚጠብቅ ሥጋ፣ ሁሉም ጓዳ ነው የሚገባው። ፊደል ባልቆጥርም ጓዳ ቆጥሬአለሁ።

ሮተርዳም ውስጥ ግን ጓዳ የሌለው ቤት በወርቅ ይሸጣል። ዴልፍስሃቨን በሚባለው ሰፈር፣ አሮጌ ጀልባዎች የሚቆሙበት ውሃ ዳር፣ ጥንት እህል ይከማችበት የነበረ መጋዘን አለ። ሸነሸኑና «ሎፍት» ብለው ሸጡት። ጡቡ አልተለሰነም፣ ቧንቧው ጣሪያው ላይ እንደ አንጀት ተዘርግቷል፣ ከበሩ የቆመ ሰው ምድጃውንም አልጋውንም እኩል ያያል። መኝታው በመሰላል የሚወጣበት ቆጥ ነው። እኛ አገር ቆጥ ላይ የምታድረው ዶሮ ናት፤ እዚህ ቆጥ ላይ ለማደር ዩኒቨርሲቲ መጨረስ ያስፈልጋል።

የቤቱ ባለቤት ሰላም ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። የጋሽ ወርቁ ልጅ ናት። የእህቴ ልጅ ዮናታን ሊያገባት ይፈልጋል፣ እሷም ትፈልጋለች፤ እንዲያውም በከተማው ጽሕፈት ቤት፣ እኛ ኸሜንተ በምንለው፣ የፊርማ ቀን ይዘው ሦስት ሳምንት ነበር የቀራቸው። ዮናታን አድራሻው ሆግቭሊት እኔ ጋ ነው። አልጋው ላይ የጎረቤት ድመት መተኛት ከጀመረች ግን ከርሟል፤ የት እንደሚያድር እኔም አልጠየቅሁ፣ ድመቷም አልነገረችኝ። ችግሩ ሌላ ነው። ሰላም «አባዬ ካልመረቀኝ አልፈርምም» ብላለች። ጋሽ ወርቁ ደግሞ «ሽማግሌ ካልተላከ ልጄን አልሰጥም» ብለዋል። ሽማግሌ ተፈለገ፤ ዕድሜና ምላስ ያለው እኔ ተገኘሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቀት የተነሣ መቀመጥ አቃተኝ። ሜትሮ ውስጥ እንኳ ባዶ ወንበር ሞልቶ ቆሜ ነው የምሄደው።

ጋሽ ወርቁ ቭላርዲንገን ያለው ቤታቸው ለእድሳት ፈራርሶ ስለነበር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተቀበሉን ልጅቷ ቤት ነው። እንግዲህ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ምንም እንዳልሰማች ጓዳ ትገባለች። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሦስት ሆነን ስንደርስ አባትና ልጅ ጓዳ ፍለጋ ላይ ነበሩ።

«ሻወር ቤት ግቢ።»

«አባዬ አንተ ደግሞ፣ ባድካመር ውስጥ አንድ ሰዓት ምን ልሠራ?»

ጋሽ ወርቁ እኛን ሲያዩ ጣታቸውን ወደ ቆጡ ቀሰሩ። ሰላም መሰላሉን ወጥታ ብርድ ልብስ ተከናነበች። ሁለቱ እግሮቿ በቆጡ አጥር በኩል ወደ እኛ ወጥተው ቀሩ። አራት ትልልቅ ሰዎች እነዚያን እግሮች እንዳላየን ለማስመሰል አንገታችን ተጣመመ።

«ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ፤ ወጉ ነው። ሁለቱ ጓደኞቼ የመጡት ቁጥር ለመሙላት ስለሆነ ሸክሙ የኔ ነው። በአንድ እግሬ ቆሜ ሌላውን እያሳረፍኩ ልጃችንን አወደስኩት። ሥራ ሲይዝ ሦስት ሰው ያስንቃል፣ ቅዳሴ ሲሄድ ዲያቆኑን በር ላይ ይጠብቃል፣ ቢራ ከሩቅ ሲሸተው ያስነጥሰዋል አልኩ። ብርድ ልብሱ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ጋሽ ወርቁ ፊታቸውን ቋጠሩ። «ልጁን አላውቀው። መልኩስ ምን ይመስላል?»

«ከየት ያውቁታል ጌታዬ። እሱም ይችን ደጅ ረግጧት አያውቅም።»

ብርድ ልብሱ ቀጥ አለ።

«እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አያልቅም» አሉ ጋቢያቸውን እያጣፉ። «ዘመድ ልጠይቅ። ሁለት ወር ቆይታችሁ ተመለሱ።»

ሁለት ወር! ኸሜንተ ሁለት ወር የት ያውቃል? የአውቶቡስ ሾፌር እንኳ በሩን ዘግቶ የሚሄድበት አገር ነው። እግራቸው ሥር ተደፋሁ፣ የዚህን ቤት ጡብ በሙሉ በጀርባዬ ልሸከም አልኩ፣ ጓደኞቼም ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው «እባክዎ» አሉ። ጋሽ ወርቁ ግን እንደ መጋዘኑ ምሰሶ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ከላይ እግሮቹ ሲጨባበጡ አየሁ። ልጅቷ ልታለቅስ ነው።

ያን ጊዜ ዝናቡ መጣ። የሮተርዳምን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከሰማይ አይወርድም፣ በአግድሙ ይሮጣል። ለካ የጣሪያው መስኮት ተከፍቶ ኖሯል፤ ውሃው በቀጥታ ጋሽ ወርቁ አናት ላይ ወረደ። ዘለው ተነሡና ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ መጫን ጀመሩ። አንዱን ሲጫኑ መብራት ጠፋ፣ አንዱን ሲጫኑ መጋረጃ ወረደ፣ ሦስተኛውን ሲጫኑ ቤቱ በሙሉ ይዘፍን ጀመር። እኔም ልረዳ ብዬ አራተኛውን ተጫንኩ፤ መስኮቱ ይባስ ብሎ ተበረገደ።

«ሰላም» ብለው ተጣሩ።

የሌለች ልጅ እንዴት ትመልስ? አባቷ ያወጡትን ወግ አባቷ ላይ አጠበቀችባቸው።

ጋቢያቸው ቅቤ እንዳጠጡት ጭንቅላት ይንጠባጠባል፣ ወለሉ ኩሬ ሆኗል፣ ዘፈኑ አልቆመም። ጋሽ ወርቁ ዞረው በሦስታችን ላይ አፈጠጡ።

«ምን ትገተሩብኛላችሁ፣ ዮናታንን ጥሩልኝ እንጂ። ይህን መስኮት የሚችልበት አማቼ ብቻ ነው፤ ባለፈው እሑድም በፒጃማ ከቆጡ ወርዶ የዘጋው እሱ ነው።»