የአንድ ለአምስት ትንፋሽ

«እናታችን፣ ልጅዎ ብርጭቆ ስትነፋ ማን ይመራታል?»

ይህን የጠየቁኝ የጥቃቅንና አነስተኛ ኃላፊው አቶ አሸናፊ ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ያለ መሪ መተንፈስ የሚችል ይመስለኝ ነበር።

ልጄ የአብስራና ባልደረባዋ ሰውነት እዚሁ ላሊበላ፣ መንግሥት በሰጣቸው ሼድ ይሠራሉ። ከየሆቴሉ የተጣለ ጠርሙስ ለቅመው፣ በምድጃ አቅልጠው፣ በረጅም የብረት ቱቦ እየነፉ ብርጭቆና የአበባ ማስቀመጫ ያወጣሉ። የፊተኛዋን ክፍል ጋለሪ ብለዋታል። አንድ ከባድ ጉድለት ነበረባቸው፤ ሁለት ብቻ ነበሩ።

መመሪያው አንድ ለአምስት ይላል፤ አንድ መሪ፣ አምስት ተመሪ። ስለዚህ አቶ አሸናፊ «ያላሟላ ሼዱን ይነጠቃል» ብለው አራት አባላት ጨመሩላቸው። አረጋ ከኮብልስቶን፣ ባንችይርጋ ከዶሮ እርባታ መጡ። የቀሩት ሁለቱ ስብሰባ የማያመልጣቸው የቀበሌ ልጆች ናቸው። እኔም በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ስለቆጠርሁ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንሁ። ፊደሌ ትልልቅ ስለሆነ ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳ ይመቻል ተባለ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል» አሉ አቶ አሸናፊ። «ትንፋሽ ቢያብርማ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም፤ እኛ ግን አጨበጨብን።

የአብስራ ብቻ አላጨበጨበችም። ማታ «እማ፣ ሼዱን ከነጠቁን እዚህ ምን እሠራለሁ? አዲስ አበባ ነው የምሄደው» አለችኝ። ያለችኝ እሷው ብቻ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መመሪያ በጣም እወድ ጀመር።

«እያንዳንዱ አባል በየተራ እኩል ትንፋሽ ይነፋል» ተብሎ ተወሰነ። ጻፍሁት።

ሰውነት የቀለጠውን በቱቦው ጫፍ ጠቅልሎ አወጣ። የአብስራ ነፋች፤ እንደ እንቡጥ አማረ። ቱቦው ለአረጋ ተሰጠ።

«አዙረው! ቱቦውን አዙረው እንጂ፣ ሊፈስ ነው!» አለች የአብስራ።

«ማዞር ዕቅዱ ላይ የለም» አለ አረጋ። «እኔ መንፋት ነው የተያዘልኝ።»

«ኧረ በላሊበላ!»

«አትቸኩዪ እቴ፣ ባንችይርጋ ገና አልነፋችም!» አላት አንዱ የቀበሌ ልጅ።

ባንችይርጋ የቱቦውን አፍ በነጠላዋ ጫፍ አጥብቃ ጠረገች። የአረጋ አፍ የነካውን እንዲያው አትነካም። ቱቦው ስድስተኛው አባል ዘንድ ሲደርስ ብርጭቆው እንደ አሮጊት ፍየል ጡት ተንጠልጥሏል።

አቶ አሸናፊ በውጤቱ ተደስተው ጋለሪው መሐል አስቀመጡት። አስጎብኚው ኪዳን እንግዶች ይዞ ቢገባ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉት። ጥቂት አሰበና «ተሳትፎ» አላቸው። ሁሉም ፎቶ አነሱት።

ከዚያ ግምገማ መጣ። አራቱ አዳዲስ አባላት ከአንድም ስብሰባ ስላልቀሩ «ሀ» አገኙ። የአብስራና ሰውነት ለግምገማ ከመቀመጫቸው እንዲነሡ ተደረገ።

«በስብሰባ ሰዓት ምድጃ ስትጠብቅ ተገኝታለች» አለ አረጋ።

«ብቻዋን የመንፋት ዝንባሌ አለባት» አለች ባንችይርጋ። ቀጥላም «እንደ ሰው ግን እወዳታለሁ» አለች።

«ግለ ሂስ አድርጊ!» አሉ አቶ አሸናፊ።

«ነፍቻለሁ» አለች ልጄ።

«ሰውነትስ?»

«እኔ አዙሬያለሁ።»

ሁለቱም «ሐ» ተሰጣቸው። «ሐ»ን በትልቁ ፊደሌ ጻፍሁት። ስብሰባው ሲበተን አቶ አሸናፊን በር ላይ ጠበቅኋቸው።

«ጌታዬ፣ ሼዱን ይነጥቋት ይሆን?»

«እናታችን፣ ማኅበሩ በጋራ አነፋፍ ሞዴል ተብሎ ተሸልሟል። ሽልማቱም አዲስ አበባ ወርዶ ለሌሎች ልምድ ማካፈል ነው። የሞዴል ሼድ እንዴት ይነጠቃል?»

«ታዲያ ልጄም አዲስ አበባ ልትሄድ ነው?» አልሁ ክንዳቸውን ይዤ።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ስነግርዎ አዝናለሁ። "ሐ" ያገኘ ልምድ አያካፍልም። የእርሷና የሰውነት ቅጣት እዚሁ ቀርተው መሥራት ነው።»

ፊቴን የሐዘን አስመስዬ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁት። «ከባድ ቅጣት ነው» አልሁ። «ግን ሕግ ነው።»

አረጋ፣ ባንችይርጋና ሁለቱ የቀበሌ ልጆች በአቶ አሸናፊ መሪነት በጋሸና መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አቶ አሸናፊ በዚያው ሹመት አገኙ። አራቱም የብርጭቆ አነፋፍ አሠልጣኞች ሆነው አዲስ አበባ ቀሩ። የአብስራና ሰውነት ብቁ ሆነው ስላልተገኙ ላሊበላ ብርጭቆ ይነፋሉ።