አያ በላይ ቦክሰኛውን ሲፈትኑ

እናንተዬ፣ ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛው አያ በላይ የአርብ ገበያ የከብት ደላላ ናቸው። የበሬውን ጥርስ ሳያዩ፣ ሻኛውን ሳይዳብሱ የማንንም ቃል አያምኑም።

ደምሴ የሚባል የአገራችን ልጅ በጃንሆይ ጦር ውስጥ ቦክሰኛ ሆኖ፣ በኅዳር ወር ለእረፍት መጣ። «በክብደቴ ሁለተኛ ነኝ፤ ለከርሞ አንደኛ እሆናለሁ» አለን።

«በክብደቴ ማለት?» አሉ አያ በላይ።

«የሚገጥመኝ በክብደት እኩያዬ ብቻ ነው።»

«አሃ! ከባዱን ሸሽተህ ነዋ!»

ትከሻውን ዳበሱ። አፉን አስከፈቱ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ የሉም።

«ይኼማ አርጅቷል።»

«ኧረ አያ፣ በቡጢ ነው የወለቁት!»

«እንዲያውም ባሰ! አንደኛ የሚሆን ሰው ጥርሱን ያስወልቃል?»

እውነት ለመናገር እኔም ተጠራጠርኩ። አያ በላይ ግን ፍርደ ገምድል አይደሉም። «በሬ እንኳ ጠምደን ሞክረን ነው የምንገዛው» ብለው ማጭድ አስጨበጡትና ገብሳቸው ውስጥ አስገቡት። ደምሴ እልህ ይዞት እስከ ማታ አጨደ። እሳቸው ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ክንዱን ሲያጠኑ ዋሉ። ሲመሽ፣ ግማሹ ማሳ ገና እንደቆመ፣ «አልለየለትም፤ ነገም ይታይ» ብለው ፈረዱ።

እኔ ሞኝ መሰልኳችሁ? ፈተናው የማን ማሳ ላይ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ይህን ግፍ ለደምሴ ልነግረው ተነሣሁ። መንገድ ላይ ግን ያልታጨደው የራሴ ገብስ ታየኝ። ቆም ብዬ ሳስበው፣ የልጁ ግራ እጅ እኔንም አጠራጠረኝ።