ክቡር ገናነውና የባለቤቴ አንጎል መስመር

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው ሁሉ «አለቀ» ያለውን ሥራ «ገና ነው» የሚል አንድ ሰው አይታጣም። ነፍሱ ቀጥ ያለች ናት፤ ሐሰትን ይጸየፋል፤ አጠገቡ የዋለ ሰው ግን ሳይወድ ባሕታዊ ይሆናል። እኔ የማውቀው በሐኪም ቤቱ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ይሠራል። ባልደረቦቹ «ክቡር ገናነው» ይሉታል፤ እኔም ከአንድ ሳምንት ደጅ ጥናት በኋላ ማዕረጉን አጽድቄለታለሁ።

አምና ባለቤቴ ኤምአርአይ ስትነሣ፣ የአንጎሏን ክፍሎች በቀለም ለይቶ፣ የላይኛውንም እጥፋት፣ በውስጡ የተገኘውንም ዕጢ ዳር በቀጭን መስመር ተከትሎ ያስቀመጠው እርሱ ነበር። ዘንድሮ እንደገና ተነሣች። የአምናው መስመር በዘንድሮው ሥዕል ላይ ልክ በልኩ ሲያርፍ፣ ዕጢው ማደግ አለማደጉ ይታወቃል። ካደገ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ያውም በሰባ አንድ ዓመቷ።

ሰኞ ዕለት ኮምፒዩተሩ መስመሩን በራሱ አሳረፈው። ዕጢው ከመስመሩ ወጥቶ ታየ። ቀዶ ሐኪሙም ቀን ሊቆርጥልን ተነሣ። ክቡርነታቸው ግን አፍንጫቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው «ገና ነው» አሉ።

ማክሰኞ ሄድሁ።

«ገና ነው አባባ። አንዳንድ እጥፋት አልገጠመልኝም።»

«ለመሆኑ ስንት እጥፋት አለ ልጄ?»

«እሱን ባይጠይቁኝ ይሻላል።»

ረቡዕ፣ ጉልበቴ ደረጃውን መውረድ ሲሰለቸው፣ «መስመሩን ትንሽ ለጠጥ ብታደርገውስ?» ብዬ አማከርሁት። እንደ መናፍቅ አየኝ።

«ማዞር ይቻላል፣ ማንቀሳቀስም ይቻላል። ከለጠጥኩት ግን ያደገውንም አብሬ እደብቀዋለሁ። ሥዕሉ ያምራል፣ እማማ ይጎዳሉ።»

ሐሙስ ሚስቱ ስትደውልለት ደረስሁ። ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል፦ «የሰው ጭንቅላት ሳስተካክል ስትል ያንተ እንዳይዞር።»

ቤት ገብቼ ሳማርር የእኔዪቱ ሣቀች። «አንተ በአርባ ስድስት ዓመት ያልገባህን ጭንቅላት፣ እሱ በሳምንት እንዲጨርሰው ትፈልጋለህ?»

ዓርብ ሁለታችንንም አስጠራን። ሥዕሉን ትቶ ፊቷን ትክ ብሎ አየ።

«እማማ፣ ከአምና ወዲህ ወፍረዋል?»

«መድኃኒቱ ነው ልጄ። ጉንጬን አታየውም?»

ለካ ኮምፒዩተሩ ሲያገጣጥም የኖረው ቆዳን ከቆዳ ጋር ነው፤ ያበጠው ፊቷ የአምናውን መስመር ከቦታው ገፍቶታል። ክቡርነታቸው ከሁለቱም ሥዕሎች ቆዳውንና የራስ ቅሉን አወጡ፤ አንጎልን ከአንጎል ጋር አገናኙ። መስመሩ በየእጥፋቱ ገብቶ ዐረፈ። ዕጢው በአምናው ድንበር ውስጥ ተቀምጧል፤ የፀጉር ያህል እንኳ አላለፈም። ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ አየና «ከስድስት ወር በኋላ እንገናኝ» አለ።

ባለቤቴ እጄን ያዘች። ሳምንቱን ሙሉ ያማሁት ሐሜት ታወሰኝና ዓይኑን ለማየት አፈርሁ። እርሱ ግን የሌላ ሰው አንጎል ላይ አጎንብሷል፤ ስንሰናበተው እንኳ አልሰማንም።

አምላክ የዓይኑን ብርሃን ይጠብቅለት። ቤቱን ሰላም ያድርግለት። ልጆቹንም እንደ እርሱ ቀጥ ያሉ፣ ከእርሱ ግን ጥቂት ፈጠን የሚሉ ያድርግለት፤ አሜን።