የገብረወልድ ዝንቦች በርጫ

ሞትን በጠርሙስ አሽጌ አስቀራለሁ የሚል አዋቂ የሌለበት ከተማ የለም። የድሬዳዋው፣ ክቡር ሊቀ ጠበብት ገብረወልድ፣ ከምድር ባቡር ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ የፍራፍሬ ዝንብ ማርባት ጀመሩ። «ዝንብ ቶሎ ታረጃለች። እሷን ያቆየ መድኃኒት እኛንም ያቆየናል» ይላሉ። ልጆች ጢም ሳያበቅሉ በሚረግፉበት ዘመን ሰውዬውን ያስጨነቃቸው እርጅና ነው!

የበሰበሰ ማንጎ የምታቀብላቸው ጎረቤታቸው ፋዱሞ ሳቋ አያልቅም። «ወርያ ገብረወልድ፣ ሰው ዝንብ ያባርራል፣ አንተ ትቀልባለህ?»

እሳቸው ግን ለዝንቦቹ ያላቀመሱት የለም። ሬት የቀመሱት በማግሥቱ አለቁ። «ዕድሜያቸው ደርሶ ነው» አሉ፣ ፊታቸው ሳይቀላ። በመጨረሻ ጫት ጨምቀው ለአንዱ ጠርሙስ ሰጡና ሌላውን ከለከሉ። «ሳይንስ ማለት ልዩነቱን ማየት ነው!»

ታዲያ ቀበሌው ደግሞ የዝንብ ማጥፋት ዘመቻ አውጆ ኖሯል። ሊቀመንበሩ ጓድ ሣህሉ በሩን በርግዶ ገባ። «አብዮቱ የሚያጠፋውን አንተ ታረባለህ? ፀረ ሕዝብ!»

ገብረወልድ «መድኃኒት ነው የምሞክረው» ቢሉ፣ ሰው ለማሰር ማስረጃ ጠይቆ የማያውቅ ቀበሌ ለዝንብ ሲሆን ማስረጃ ጠየቀ። ጫት የቀመሱት ካልቀመሱት በዕድሜ ካልበለጡ ጠርሙሶቹ ይሰበራሉ፣ ገብረወልድም ይታሰራሉ። በዚያ ዘመን ታስሮ መቼ እንደሚፈታ የሚያውቅ አልነበረም።

ጠርሙሶቹ እንዲታዩ የተቀጠረው ቀን ደረሰ። ጓድ ሣህሉ ጉንጩን በጫት ወጥሮ መጣና ጠርሙሶቹን ወደ ብርሃኑ አነሣ። በሁለቱም ውስጥ ዝንቡ እኩል ይርመሰመሳል። የሊቀ ጠበብቱ ምላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሰረ።

«ተነሥ፣ ቅደም!» አለ ሣህሉ።

ፋዱሞ መሐል ገባች። «ቆይ አንተ ሣህሉ! ጥፋቱ የእኔ ነው። እነዚህ በጫታቸው በርጫ ይዘው፣ እነዚያ ቁጭ ብለው ሲያዩ፣ ወላሂ አንጀቴ አልቻለም። እሱ ሳያየኝ ለእነሱም ጨምቄ ሰጠኋቸው።»

ጓድ ሣህሉ መቃሙን አቆመ። የሰው ዓይን እያየው ብቻውን የሚቅም ድሬ ላይ ስስታም እንደሚባል ያውቃል። «እውነቷን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህማ ነውር ነው። ሙከራው ይደገም!» ብሎ ወጣ።

ይህን ጊዜ የገብረወልድ ምላስ ተፈታ። «አንቺ መሃይም! መድኃኒቱ ሠርቶ ነበር! የሰውን ልጅ ዕድሜ አሳጠርሽ!» እያሉ ግቢውን አናወጡት።

ፋዱሞ ለዝንብ አንዲት ቅጠል እንኳ ጨምቃ አታውቅም። ስድቡን ጠጣችው። «ስደበኝ» አለች በልቧ፣ «እየተሳደብክ እዚሁ አጠገቤ አርጅልኝ።»