ባልቻ ዘቡታጅራ ሦስቱን የዶክትሬት በሮች እንደ ከበበ

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ለአምስት አገሩን ሁሉ በአምስት በአምስት አስሮ በያዘበት ወራት፣ የማስተርስ ባለቤት፣ የፓወርፖይንት አርበኛ፣ በስብሰባ የማይደክም፣ በአበል ቀን የማይቀር፣ የማኔጅመንት መምህር ባልቻ ዘቡታጅራ የቢዝነስ ዶክትሬት ይይዝ ዘንድ ልቡ ተነሣ። የኮሌጁ ቦርድ፣ “ከእንግዲህ ዶክተር ያልሆነ በዲን ወንበር ላይ አይቀመጥም!” ብሎ አዋጅ አስነግሮ ነበርና፣ ባልቻም በዚያ ወንበር ላይ ለዓመታት በዓይኑ ሲቀመጥበት ኖሯልና። እኔም የኮሌጁ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አዳነ፣ ያየሁትን ሳልጨምር፣ ያፈርኩበትንም ሳልቀንስ ጻፍኩ።

ወእምዝ የጦር ምክር ተደረገ። በቀኙ የአካውንቲንጉ ዳዊት ካልኩሌተሩን ታጥቆ፣ በግራው የማርኬቲንጓ መምህርት ፈቲሀ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ፣ በኋላው ሻይ የጠማቸው የአንድ ለአምስት አባላት ሁሉ ተሰለፉ። የሚከበቡትም በሮች ሦስት ነበሩ። አንደኛው በመናገሻ ከተማ ያለ፣ በመግቢያ ፈተናና በፕሮፖዛል የታጠረ፣ አማካሪ ፕሮፌሰር ካልፈቀደ የማይከፈት ጽኑ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሁለተኛው ከባሕር ማዶ ሆኖ በኢሜይል የሚያስተምር፣ ኢሜይሉም መብራትና ኔትወርክ በአንድ ቀን ሲገናኙ ብቻ የሚደርስ ነው፤ ሦስተኛው ግን ከክትፎ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ፣ ከፈተና አስቀድሞ የጋዋን ልክ የሚጠይቅ ነው። ባልቻም እንደ ሙያው ሕግ የጥንካሬ፣ የድክመት፣ የመልካም አጋጣሚና የስጋት ሠንጠረዥ በፍሊፕ ቻርት ላይ አሠመረ፤ ሠንጠረዡ ሞልቶ መልስ ባጣ ጊዜም ሌላ ፍሊፕ ቻርት ይምጣ ብሎ አዘዘ።

በመጨረሻ ግን፣ እውነቱን ልጻፍና፣ የመጀመሪያውን መረጠ። ስለ ቆጮ ግብይት በቡታጅራ ገበያ የሚናገረውን ፕሮፖዛሉንም ሚስቱ ረድኤት እስክትሰለች እያነበበላት ጻፈ። አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ነበር፤ ኮራሁበትም። ፈቲሀም በዚያው ሳምንት ወደዚያው በር ማመልከቻዋን ላከች፤ ነገር ግን ነጋሪት ስላልተጎሰመላት ማንም አላወቀም።

የፈተናውም ቀን በደረሰ ጊዜ ጀግናው በሚኒባስ ጋቢና ተቀምጦ፣ ቡኢን በቀኝ በግራ እየቃኘ አልፎ፣ ተፈትኖ ተመለሰ። ውጤት ሳይወጣ እሑድ ሆነ፤ ባልቻም በጸሎት ቤቱ ለምስክርነት ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦ “ሃሌ ሉያ! ወገኖች፣ ጌታ ዶክትሬቱን ሰጥቶኛል! ውጤቱ ገና ነው፣ እኔ ግን በእምነት ተቀብያለሁ!” ምእመናኑም እልል አሉ። በሳምንቱ ማስታወቂያ አንባቢው “ዶክተር ባልቻ” ብሎ አነበበ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ወልቂጤ ደረሰ። በዚያም አማቱ፣ የቆርቆሮ ነጋዴው አቶ ጌታቸው፣ በሬ አርደው በሱቃቸው ደጃፍ አዋጅ አስነገሩ፦ “የወልቂጤ ሰው ስማ! የልጄ ባል ዶክተር ሆኗል! ከዛሬ ጀምሮ ባልቻ ብሎ የጠራው ከእኔ ቆርቆሮ አይገዛም!”

ወእምዝ ውጤቱ ወጣ፤ ባልቻም በእውነት አለፈ። ፈቲሀ ተጠባባቂ ሆነች። ደስታዬ ግን ዕድሜ አላገኘም፤ ጀግናው በተማሪነት ይመዘገብ ዘንድ በተጠራ ጊዜ ጭንቀት ወደቀበት። ዶክተር የሆነ ሰው ዶክተር ለመሆን ሻንጣ ይዞ ቢታይ ምስክርነቱ ምን ይባላል? የወልቂጤውስ በሬ ለማን ታረደ? ረድኤትም በግቢዋ መካከል ቆማ አወጀች፦ “አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ተማር! አባቴን እኔ እነግረዋለሁ! በሬው እንደሆን ተበልቷል፣ አይመለስም!” ከዚህ የሚበልጥ አዋጅ በዘመኔ አልሰማሁም። ባልቻ ግን የምዝገባው ቀን እስኪያልፍ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ኋላም፣ “ዶክተር ባልቻ ለተማሪነት የሚሆን ጊዜ የለውም!” ብሎ አስነገረ።

ቦታውም ለተጠባባቂዋ ሆነ። ፈቲሀን ከፈቲሀ በቀር ሌላ ብሎ የጠራት አልነበረምና፣ ቢስሚላህ ብላ ቦርሳዋን ይዛ ተማሪ ስትሆን ማንም አልገረመው። ሁለተኛው ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን በነገሠ ዘመንም ጨርሳ ተመለሰች። ቦርዱ ዲን ሊሾም ማስረጃ ይቅረብ ባለ ጊዜ፣ በእምነት የተቀበሉትን መዝገብ ቤት አይቀበልም፤ መዝገብ ቤቱም እኔ ነኝ። ፈቲሀ ተሾመች፤ የመጀመሪያ አዋጇም፣ “በዚህ ግቢ ፈቲሀ በሉኝ!” የሚል ሆነ።

ክብር ለባልቻ ዘቡታጅራ! በሩ ተከፍቶለት ሳለ መግባትን ለናቀ፣ ዶክተር መባል ዶክተር ከመሆን ላዳነው፣ የዲኑን ወንበር እስከ ዛሬ በዓይኑ ለሚጠብቅ አርበኛ! ስሙ ከትውልድ እስከ ትውልድ ይጠራ፤ እሱ ግን ባልቻ ብለው ሲጠሩት ዞሮ አያይም።