ጭራው የተቆረጠው አድራሻ

በራችሁ ላይ የማታውቁት ሰው ቢቆም መጀመሪያ ምን ትጠይቁታላችሁ? አዲስ አበባ «ማንን ፈልገህ ነው?» ይባላል አሉ። እኛ ነገሌ እንደዚያ ብንል ሰውየው ተቀይሞ ይመለሳል። እኛ መጀመሪያ እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ፣ እንባባላለን። የሱ ናጋ፣ የልጆቹ ናጋ፣ የከብቱ ናጋ፣ የዝናቡ ናጋ። ቀጥሎ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደመጣ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ እንጠይቃለን። ምን ፈልጎ እንደመጣ የሚናገረው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አንዳንዱ እዚያ ሲደርስ የመጣበትን ረስቶት ይገኛል።

እኔ ብዙ አላወራም። ሚስቴ «በቀን አሥር ቃል ነው የምታወጣው፤ ከአሥሩ ስምንቱ ለበሬዎቹ ነው» ትለኛለች። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የቀረውን አማርኛ የተማርኩት ጦር ካምፑ አጠገብ ከወታደር ሚስቶች ጋር በበቆሎ ዋጋ ስከራከር ነው። ጥሩ አስተማሪዎች ነበሩ። አንዳቸውም ተሸንፈውልኝ አያውቁም።

ባለፈው በልግ ልጄ ሩት ለሁለት ሳምንት መጣች። አዲስ አበባ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፈች ነው የምትኖረው። ሥራዋንም ይዛው መጣች። እኔ እርሻዬን ይዤ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አላውቅም፤ ግን ዝም አልኩ። ኔትወርክ የሚገኘው አጥሩ ጥግ ያለው ግራር ሥር ብቻ ስለሆነ ወንበሯን እዚያ አወጣችና ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ሥራው ምን መሰላችሁ? አንድ የእርዳታ ድርጅት ከነገሌ፣ ከተልተሌና ከሞያሌ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን ይመዘግባል። ቅጹ በስልክ ነው የሚሞላው። ስም ይገባል፣ ትምህርት ይገባል፣ ሙያ ይገባል። መጨረሻ ላይ አንድ ሳጥን አለ። ሰው ሁሉ ፎቶውንና ሐሳቡን የሚለጥፍበት ገጽ አለ አይደል? የዚያ ገጽ አድራሻ ነው እዚህ የሚጻፈው። የሩት ፕሮግራም አድራሻው ትክክል መሆን አለመሆኑን ያያል፤ ትክክል ከሆነ ወደ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ያመጣዋል። ልክ የሆነው አረንጓዴ ይሆናል፣ ያልሆነው ቀይ። ለዚህ ደመወዝ ይከፈላል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ይከፈላል አለች።

አንድ ቀን ከማሳ ስመለስ ብቻዋን ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት ጠየቅኋት። ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ የሞሉትን አነበበችልኝ። የተልተሌው ልጅ «ተልተሌ መጥታችሁ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ ያሳያችኋል» ብሎ ጽፏል። አንዲት የሞያሌ ልጅ የቤተ ክርስቲያኗን የመዘምራን ገጽ ሰጥታለች፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከግራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ ብላም አክላበታለች። ሌላው ደግሞ «አካም ጂርቱ? ናጋ? ቤተሰብ ደህና ነው? ገጼ እነሆ» ካለ በኋላ ነው አድራሻውን ያስቀመጠው። ይሄኛው ቀይ ሆኖ ተመልሷል።

አላሳቀኝም። «ሰላም ስላለሽ ነው የመለስሽው?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም አባ፣ ፕሮግራሙ ነው። ሰላምታ አያውቅም።»

«አስተምሪው።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ትንሽ ቆይታ አስተማርኩት አለችኝ። አሁን ፕሮግራሙ ሰላምታ ሲያገኝ ዘሎት አድራሻውን ብቻ ይወስዳል። መልስ አይሰጥም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አይሰጥም አለች። ግማሽ ትምህርት ነው፤ ከማባረር ግን ይሻላል።

ከዚያ ቀን በኋላ ከማሳ ስመለስ አጠገቧ እቀመጥ ጀመር። ያን ያህል ስለ ገጽ ማወቅ ፈልጌ አልነበረም። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሩት እንዳስረዳችኝ አንድ ሰው ያለው አንድ ገጽ ነው፤ አድራሻውን ግን በአሥር ዓይነት ይጽፈዋል። አንዱ ከፊቱ ረጅም መግቢያ ይጨምርበታል፣ አንዱ ይተወዋል። አንዱ በትልልቅ ፊደል ይጽፈዋል። በስልክ ለከፈተው መሃል ላይ አንዲት ፊደል ትገባበታለች። ለማያውቅ አሥር ሰው ይመስላል። ይሄ ገባኝ። ላም ጭቃ ለብሳ ብትመጣ፣ አቧራ ለብሳ ብትመጣ፣ ጭጎጎት ጭራዋ ላይ ተሰክቶ ብትመጣ ያው ላሚቱ ናት። በረት በር ላይ የቆመ ሰው ጭቃውን ሳይሆን ላሚቱን ነው የሚያየው። ይሄን ለሩት አልኳት። «አባ፣ እርስዎ ሰብስበው በሁለት ቃል ጨረሱት፤ እኔን አለቃዬ አንድ ሰዓት ነው ያስረዳኝ» አለች። ደስ አለኝ። አላሳየኋትም።

ያልገባኝ ጭራው ነው። አድራሻ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ መጨረሻው ላይ ረጅም የፊደልና የቁጥር ጭራ ያበቅላል። ምን ይላል አልኳት። በየት በኩል እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ገጹን ለመክፈት ምንም ስለማይጠቅም ፕሮግራሙ ይቆርጠዋል አለችኝ።

ይቆርጠዋል። እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀውን ነገር እሷ ቆርጣ ትጥላለች።

አሁን ምክንያቱን ልንገራችሁ። በቤታችን ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙ ያልተጠራ ሰው አለ። እንዳይጠራ ያልኩት እኔ ነኝ። ገልገሎ ይባላል፤ የሩት ታላቅ ነው።

ያን ቀን አብረን እያረስን ነበር። ዘር ላመጣ ወደ ቤት ሄድኩ። ስመለስ በሬዎቹ ትልሙ መሃል ቆመዋል። ቀንበሩ ጫንቃቸው ላይ ነው። እርፉ መሬት ላይ ወድቋል። ልጁ የለም። ውኃ ሊጠጣ ሄዶ ይሆናል አልኩ። ዘሩን ይዤ ቆምኩ። ጥላዬ እስኪረዝም ቆምኩ። በሬዎቹም ከኔ ጋር ቆሙ። ኋላ ጎረቤቴ መጣና ልጅህን ወደ ሞያሌ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ አየሁት አለኝ።

የተቆጣሁት በመሄዱ አይደለም። ሰው ይሄዳል። እኔም ከቦሬ ወደ ነገሌ የመጣሁት አባቴን ሳላስፈቅድ ነው። ግን በሬ ጠምዶ እንዴት ይኬዳል? እኔ እንኳ ፈትቼ ነው የሄድኩት።

ስለዚህ ስሙ እንዳይጠራ አልኩ። ሚስቴም ሩትም እሺ አሉ። ያለ ክርክር እሺ ማለታቸው ያኔ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። ስሙ ሳይጠራ ቀረ፤ ማሳው ግን አልረሳውም። በያመቱ ያቺ ቦታ ስደርስ ቀዩ በሬ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አልመታውም። ሁለታችንም ትንሽ እንቆምና እንቀጥላለን። ቀዩ አምና ሞተ። ዘንድሮ እዚያ ቦታ ላይ ብቻዬን ነው የቆምኩት።

ከሁለት ዓመት በፊት ሁቃ የሚባል ሾፌር ገበያ ላይ አገኘኝ። ልጅህን ናይሮቢ ዳርቻ አየሁት፣ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፣ ደህና ነው አለኝ። ከስልኩ ላይ የገጹን አድራሻ እያየ በብስኩት ካርቶን ቁራጭ ላይ ገለበጠልኝ። ጭራውንም አልተወም፤ ሦስት መስመር ሞላ። ጨዋ ሰው ነው፤ መልእክት ያለ አድራሹ ስም አይሰጥምና መጨረሻ ላይ የራሱንና የአባቱን ስም በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ጨመረበት።

ለማንም ሳልናገር መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩት። ክፈትልኝ አልኩት። ጠጋኙ መጀመሪያ ያለው ይበቃል፣ የቀረው አያስፈልግም አለኝ። እኔ ደግሞ አንድም እንዳትጥል አልኩት። ቃሉን ያመጣልኝን ሰው ስም ጥዬ እንዴት ነው ልጄ በር ላይ የምቆመው? የሁቃን ስም ከነአባቱ ጻፍ አልኩት። ተከራከረኝ። ከኔ ጋር ተከራክሮ የሚያሸንፍ የወታደር ሚስት ብቻ ናት። ሁሉንም ጻፈው። እንዲህ የሚባል ገጽ የለም የሚል መጣ።

የለም። ያቺን ቃል ይዤ ሁለት ዓመት ዞርኩ። ሞተ ማለት ነው? ወይስ እኔ እንዳላየው ዘግቶታል? ማንን ልጠይቅ? ስሙ እንዳይጠራ ያልኩት እኔ። ካርቶኑን ኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት። ኮቱ ሲታጠብ አወጣዋለሁ፤ ሲደርቅ እመልሰዋለሁ።

ግራሩ ሥር መቀመጥ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ሩት ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ካርቶኑን አወጣሁ። «ይሄን ሞክሪበት» አልኳት። «መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘሁት ነው።»

ካርቶኑን ተቀበለች። መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ምንም አልጠየቀችኝም። መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ካርቶኑን ሳታይ ነው የጻፈቻቸው፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። ጭራውንም ጻፈች፣ የሁቃንም ስም ጻፈች፤ አጠገቧ ሆኜ እየተከተልኩ ነበር። ከዚያ አንድ ቁልፍ ተጫነች።

ፕሮግራሙ ቆረጠ። ሁቃ ከነአባቱ ተቆረጠ። ጭራው ተቆረጠ። ከፊት ያለው መግቢያ ተስተካከለ። መጨረሻ ላይ የቀረው የገጹ ባለቤት ስም ብቻ ነው። ገልገሎ ጂሎ። ጂሎ እኔ ነኝ። አረንጓዴ ሆነ።

«ልክ ነው አለ» አልኩ። ድምፄን ስለ ዝናብ እንደሚጠይቅ ሰው ለማድረግ ሞከርኩ። «ልክ ነው ማለት ሰውየው አለ ማለት ነው?»

«አይደለም አባ። አድራሻው በትክክል ተጽፏል ማለት ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ፕሮግራሙ አንኳኩቶ አያይም።»

«ማን ነው ታዲያ የሚያንኳኳው?»

«ሰው ነዋ።»

ሳልጠይቃት ገጹን ከፈተችው። ከመኪና ሥር የወጣ ሰው ፎቶ ነው። ፊቱ ግሪስ ለብሷል። ወፍሯል። ጢም አውጥቷል። ጭቃውን ትቼ ላሚቱን አየሁ። እሱ ነው።

ብዙ አየሁት። ሩት ሰላም ይበሉት አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ወጥቶ የሄደ ነው መጀመሪያ ሰላም የሚለው፤ ቤት የቀረ ይጠብቃል። ሥርዓቱ ይሄ ነው። ሰባት ዓመት የጠበቅኩትም በዚህ ሥርዓት ነው።

ሩት ከአባቷ የወረሰችው አንድ ነገር ካለ ድምፅ አለማንሳት ነው። ቀስ ብላ «አባ» አለችኝ፣ «ይሄ እኮ የሱ ገጽ ነው። በሩ ላይ የቆሙት እርስዎ ነዎት። በር ላይ የቆመ ሰው ሰላም ሳይል አጥር ዘሎ ያያል እንዴ?»

ትክክል ናት። ሕጉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰው በራሱ ሕግ ሲያዝ አያምርበትም፤ ተነሥቼ በሬዎቹን ልይ ብዬ ሄድኩ። ምንም አልሆኑም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለኔም ገጽ ከፈተችልኝ። ግራሩን ተደግፌ ፎቶ አነሣችኝ፤ ፈገግ ይበሉ አለች፣ አልኩ፣ አላሉም አለች። ከዚያ ስልኳን ሰጠችኝ። በአንድ ጣቴ ነው የጻፍኩት። እንዲህ አልኩ፦ «አካም። ናጋ? እኛ ናጋ ነን። በልጉ ገብቷል። ቀዩ በሬ አምና ሞተ።»

ትልቁን ወሬ መጨረሻ ላይ ነው ያደረግኩት፤ ሐዘን ከሰላምታ በፊት አይነገርም። ይደነግጣል ብዬ ፈራሁ። እንዴት ሞተ ቢለኝ ምን እንደምመልስ አሰብኩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ መጣ።

«ናጋ አባ። አዎ፣ ቀዩ መሞቱን እማ ነግራኛለች።»

ቀና ብዬ ሚስቴን አየኋት። በሩ ላይ ተቀምጣ ቦሎቄ ትለቅማለች። ቦሎቄውን ጠዋት ለቅማ ጨርሳው ነበር። ሩትን አየኋት። ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች። ስንት ጊዜ ታወሩታላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ሩት በየሳምንቱ አለች። እናትየው ቦሎቄዋ ላይ እንዳቀረቀረች እሑድ እሑድ፣ አንተ ማሳ ስትዞር አለች። እሑድ እሑድ ማሳ ዙር ብላ የምትልከኝ እሷ ናት።

ልቆጣ አሰብኩ። ጊዜ አልነበረኝም። ልጁ መልስ እየጠበቀ ነው። እናቱ በሬውን ነግራዋለች፣ ዝናቡን ነግራዋለች፣ ጎረቤቱን ሁሉ ነግራዋለች። ለኔ ምን ተረፈ? ትንሽ አሰብኩና እሷ የማታውቀውን፣ እኔና በሬዎቹ ብቻ የምናውቀውን ጻፍኩ።

«ያን ቀን ትመለሳለህ ብዬ እስከ ማታ ሳልፈታቸው ቆምኩ። ኋላ ፈትቻቸዋለሁ። አታስብ።»

መልእክቱ ሄደ። ከዚያ ስልኩ ላይ ሦስት ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። እየጻፈ ነው አለችኝ ሩት። ነጠብጣቦቹ ጠፉ። እንደገና መጡ። እንደገና ጠፉ። የግራሩ ጥላ ከወንበሬ አልፎ አጥሩ ጋ ደረሰ። ሩት ኔትወርኩ ይሆናል፣ ይግቡ፣ እኔ አየዋለሁ አለችኝ። እዚሁ ነኝ አልኳት። መጡ፣ ጠፉ። ኔትወርኩ አይደለም። ቃል ለማውጣት የሚቸገረው ልጅ በማን እንደወጣ አውቃለሁ።